ያልተላጠው ላስቲክ

አሮጌ ኮምፒውተር ጎኑ ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ። የጋለ አቧራ ነው፤ ትንሽ የተቃጠለ ፕላስቲክ አለበት፣ ትንሽ ደግሞ የእኛ ቀይ አፈር። ባለፈው ማክሰኞ ማርቆስ የድሮ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ ሱቄ አመጣና ስከፍተው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ መፍቻዬን እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩ። "ምነው ኢሻ፣ አይጥ ሞቶበታል እንዴ?" አለኝ። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው። እኔ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ እሱ ከቦዲቲ ወዲያ ያለ ገበሬ ልጅ፤ ግን ከጎረምሳነታችን ጀምሮ በዚህ ስም ነው የሚጠራኝ፣ እኔም እሱን። አይጥ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ላይ እንደ ትንሽ ፎቅ የቆመ፣ የመዳብ ቧንቧ ያለው ማቀዝቀዣ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። እዚያ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ማርቆስ ሠርግ እየቀረጸና እያቀናበረ ነው የሚኖረው። አሁን ሌላ ኮምፒውተር ገዝቷል፤ ያገለገለ ነው፣ ግን ጉልበት አለው። የዛሬ ካሜራ የሚያወጣው ምስል ከባድ ስለሆነ አሮጌው አልችል ብሎታል። ከአዲሱ ጋር የመጣችው ማቀዝቀዣ ደግሞ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የምታክል ነገር ናት፤ ሬንደር፣ ማለትም የተቀናበረውን ምስል አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት፣ ሲጀመር እንደ ወፍጮ ትጮሃለች፣ ማሽኑም እየጋለ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ የፈለገው ነገር በእሱ አስተያየት ቀላል ነበር፤ የድሮውን ማቀዝቀዣ ነቅዬ ለአዲሱ እንድገጥምለት። "እንደሱ ያለ ዛሬ አይሠሩም" አለ። "አንተ መርጠህ ያመጣኸው ነው። እጅህ ያውቃል።" በዚህ ከተማ ሰው ስለ ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ወደ እኔ የሚመጣው በዚያ በአንዱ ምክንያት ነው፤ ማርቆስ በየሠርጉ ቤት፣ በየለቅሶው ድንኳን ስላወራለት። ስለዚያው ማቀዝቀዣ ግን ለማርቆስ ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱ እያመሰገነኝ በሄደ ቁጥር መንገሩ እየከበደኝ ሄደ።

ያኔ ሶዶ እንዲህ አልነበረችም ብል የሁሉንም ሽማግሌ ወሬ መድገም ይሆናል፤ የማውቀውን ጥግ ብቻ ልናገር። ሱቄ ከድሮው መናኸሪያ ማዶ ነበር፣ አንድ አልጋ ቢገባበት መቆሚያ የማይተርፍ። የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖል፣ ባዶ ካሴት፣ የሬዲዮ አንቴና እሸጥ ነበር። ጥንዱ የባትሪ ድንጋይ ሁለት ብር፣ ባዶ ካሴት ስድስት ብር፣ ከፊት ለፊቴ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም። ዛሬ በሃምሳ ሳንቲም የሻዩን ስኳርም አያሸትቱህም። ባጃጅ አልነበረም፤ ዕቃ የሚመጣው በጋሪ ነው፣ የጋሪው ፈረስ ደግሞ ለመሽናት የሚመርጠው የእኔን በር ነበር። ጎረምሳው ሁሉ እግሩ ሰፊ ጂንስ ለብሶ የሶዶን ጭቃ በሱሪው ይጠርግ ነበር፤ እኔም አንድ ነበረኝ፣ ሰማያዊ፣ ጉልበቱ ላይ ነጣ ያለ። ጠዋት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሳይነሣ ጎረቤቴ ያለው ካሴት ቤት ድምጽ ማጉያውን ወደ መንገድ ያዞርና አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ይለቅብናል። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ምቱን ግን ዛሬም ደንበኛ ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ ስመታው እገኛለሁ።

በዚያ ዘመን ክብር ያለው ዕቃ ሁሉ ልብስ ነበረው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ሬዲዮው ዳንቴል፣ ስልኩ ዳንቴል ይለብሳል። ከዳንቴሉ ሥር ደግሞ የፋብሪካው ላስቲክ አለ። ሶፋ ላይ ከነላስቲኩ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ በከረረበት ቀን ስትነሣ ሱሪህን ይዞ ያስቀራል። የሪሞቱ ቁጥር ጠፍቶ እስኪያልቅ ድረስ ላስቲኩ አይነሣም። እኛ ነጋዴዎች ከሁሉም ብሰን ነበር። በእኛ ሕግ ላስቲኩ ያለ ዕቃ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ የተላጠ፣ ትናንት ከካርቶን የወጣ ቢሆንም፣ ያገለገለ ነው፣ ዋጋውም ይወርዳል። ደንበኛ ጫፉን በጥፍሩ ሲፍቅ ካየሁ እጁን እይዝ ነበር። ብዙ ዓመት እንዲህ ስሠራ ስለኖርኩ ላስቲክ መላጥ ለእኔ ዕቃ ከማበላሸት አይለይም ነበር።

የማርቆስ ቤት ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው ነበረች። ኮምፒውተሩን ከአዲስ አበባ ሲያመጣው በአውቶቡስ የፊት ወንበር ገዝቶለት ነው፤ ራሱ ከኋላ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተቀምጦ መጣ። ሳጥኑን ሁላችንም ሲፒዩ ነበር የምንለው። ጎረቤት እንደ አራስ ቤት እየመጣ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ባለቤቱ አልማዝ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ ክር፣ እንደ አገራችን የባህል ልብስ እንደ ዱንጉዛ አድርጋ ዳንቴል ሠራችለት፤ ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን። ማርቆስ ሙሽሮቹን ከልብ ቅርጽ ውስጥ እያሽከረከረ ሲያወጣቸው ሰው መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ያይ ነበር። መልካም ሄደ፤ ከዚያ ማሽኑ መጥፋት ጀመረ። ሬንደር ሲደረግ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራና ድንገት ጭልም ይላል። ዳንቴሉን አነሡለት፤ እንደዚያው ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ፋን አርጅታ ጥርሷ ረግፏል።

ችግሩ የመጣው በአንድ የገሱባ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሠርጉ ሶዶ ተደገሰ፤ የሙሽሪት እናት እማማ ወርቅነሽ ግን በእንቅርት ታመው ገሱባ አልጋ ላይ ነበሩ፣ ሳያዩት አለፋቸው። ሐኪም ቤት ለኦፕራሲዮን ሰኞ ቀጥሯቸዋል። እሳቸው ደግሞ የልጄን ሠርግ ሳላይ ቢላ አይነካኝም፣ ከቢላው ካልተነሣሁ ምኑን አየሁት ብለው ቁጭ አሉ። ካህን ላኩባቸው፣ እምቢ። ባልየው ዝናብ የነካው ጋቢያቸውን ለብሰው ከገሱባ መጡና የማርቆስ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሳይቆጡ፣ ሳይለምኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። "ሰኞ ካልገባች ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው ተብለናል። አሁን ውሃው እንኳ በግድ ነው የሚወርድላት።" ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እኔ ባትሪ ሻጩ እዚያው ቆሜ ነበርና፣ መርካቶ ሄጄ ማቀዝቀዣውን አመጣለሁ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የሽማግሌው ጋቢ ይመስለኛል።

ረቡዕ ንጋት ላይ ተነሣሁ። ቦዲቲ ላይ ሴቶች በመስኮት ሙዝ አቀበሉን፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መንገድ። በማግሥቱ መርካቶ ያገኘሁት ሻጭ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካ ሰው ነበር፣ ቸኩሎ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ነው? ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መያዣ ምን ይመስላል? የሳጥኑ ስፋት ስንት ነው? አንዱንም አላውቅም። ነጋዴ ለነጋዴ አላውቅም አይልም፤ "ለሁሉም የሚሆነውን አምጣ" አልኩት። ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። እኔም ቅቤ እንደሚገዛ ሰው አንድ በአንድ በእጄ መዘንኳቸውና ከባዱን ወሰድኩ። ሦስት መቶ ሃያ ብር፤ ያኔ ደህና በግ ይገዛል። ካርቶኑ ውስጥ ለተለያየ ሶኬት፣ ማለት ለፕሮሰሰር መቀመጫ፣ የሚሆን ብዙ ዓይነት መያዣ ብረት ነበረበት፣ አንዱም የእኛው ሆኖ ተገኘ። ዕድል ነው፤ ያን ቀን ከእኔ የወጣ አንድም ዕውቀት አልነበረም።

ሌሊቱን በጭነት መኪና ተመለስኩ፤ ዓርብ ጠዋት ማርቆስና እኔ ገጠምነው። ማቀዝቀዣውን ስንገለብጠው ሥሩ እንደ መስታወት የሚያበራ መዳብ ነው፤ በላዩ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል፣ ላስቲኩ ላይ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተጽፏል። የእኔ እንግሊዝኛ የባትሪ ቮልት ከማንበብ አያልፍም። ማርቆስ ጣቱን ላስቲኩ ላይ አድርጎ፣ "ይሄስ አይነሣም?" አለኝ። "ተወው፣ መዳቡን ይጠብቅለታል" አልኩት። ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጭ ፔስት በላስቲኩ ላይ እንደ ማርማላታ ቀባሁና አሰርነው። ቁመቱ ከሳጥኑ ወጣ ብሎ ስለነበር የጎን ክዳኑ አልዘጋ አለ። ክፍቱን ተውነው። አልማዝ ዳንቴሉን አጥፋ የልብስ ሳጥን ውስጥ አስገባችው፤ ፊቷ ግን እንግዳ ሳለ ልጇ ራቁቱን የወጣባት እናት ፊት ይመስል ነበር።

አበራነው። ድሮ በሃያ ደቂቃ የሚጠፋው አሁን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ጠፋ። ማርቆስ ዞሮ አየኝ። እኔም ሶዶ ውስጥ ማንም የማይጠራጠረውን ሰበብ አመጣሁ፤ መብራቱ ነው አልኩ። ቮልቴጁ ወርዷል፣ ማቀዝቀዣው እንደሆነ ትልቅ ነው፣ አይተኸዋል። እሱም አመነኝ። አልማዝ ግን ከማድ ቤት የከሰል ምድጃ ማራገቢያዋን አመጣች፣ መቀመጫ ዱካዋን ክፍቱ ጎን አጠገብ አደረገችና ማራገብ ጀመረች። ማርቆስ ሠርጉን በአሥር በአሥር ደቂቃ ቆራረጠው። አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍተው ያሳርፉታል፤ የዳሞታ ነፋስ እንዲገባ መስኮቱን ይከፍቱታል፤ ደግሞ ያበራሉ፤ ደግሞ ታራግባለች። ግራ እጇ በልጅነቷ ተሰብሮ በደንብ አይታጠፍላትምና ዓርብን፣ ቅዳሜን፣ እሁድን እስከ ቀትር በቀኝ እጇ ብቻ ነው ያራገበችው። እሁድ ትከሻዋ አብጦ ቅቤ ቀቧት። እኔ በየመሐሉ እየመጣሁ በር ላይ ቆሜ፣ "ይሄ መብራት ኃይል!" እል ነበር።

ሲዲውን ይዘን ገሱባ የደረስነው እሁድ ወደ ማታ ገደማ ነው፣ በአንድ የጭነት ፒካፕ፤ መንገዱ ወገቤን እንዴት እንዳናወጠው ዛሬም አልረሳውም። ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር ከጎረቤት መጣ። እማማ ወርቅነሽ በትራስ ተደግፈው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። የሚያለቅሱ መስሎን ተዘጋጅተን ነበር። ሲያልቅ፣ "የሙሽራው ኮት ሰፍቶታል፤ የማን ነው የተዋሰው?" አሉ፤ ቀጥሎም ነጠላቸውን ጠየቁ። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ገቡ። ዳኑም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ ሁሉ አግኝቻቸዋለሁ፤ ባገኙኝ ቁጥር ጉንጬን እየሳሙ የሚያመሰግኑኝ እኔን ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ማርቆስ በዚያው ሁኔታ ሠራ፤ ትንሽ እየቆራረጠ፣ መብራቱን እየረገመ። እኔ እስከዚያ ኮምፒውተር መሸጥ ጀምሬ፣ ከመርካቶዎቹ እያየሁ አንዳንድ ነገር ለቃቅሜ ነበር። አንድ ቀን እሱ ቦዲቲ ለቅሶ ሄዶ እኔ አቧራውን ላጽዳለት ብዬ ቤቱ ገባሁና ማቀዝቀዣውን ነቀልኩት። ላስቲኩ እዚያው ነበር፤ ቡናማ ሆኗል፣ ጫፉ ተጨማዷል፣ ፔስቱ በላዩ ደርቋል፤ ሙቀቱ ወደ መዳቡ እንዳያልፍ የከለከለው ላስቲኩ ነበር። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልነበረም። ላጥኩት፤ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ አዲስ ፔስት ቀብቼ መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ማሽን አንድ ጊዜም ጠፍቶ አያውቅም፣ መብራት ካልሄደ በቀር። ማርቆስ ሲመለስ ተአምር ሆነበት። እኔ "አጸዳሁት" ብቻ አልኩ፤ ውሸት አይደለም። ደስ ብሎት ቁርጥ ካልጋበዝኩህ አለ፣ ለእኔ ብሎም ሙስሊም ሥጋ ቤት ወሰደኝ። እሱ በሃይማኖቱ ያን ሥጋ አይበላም። ከፊቴ ተቀምጦ ዳቦ በዳጣ እያጠቀሰ፣ ጎድኑን ወደ እኔ እየገፋ፣ "ብላ ኢሻ፣ ብላ" ይለኝ ነበር። በላሁ። ዳጣው ስላቃጠለኝ ዓይኔ ማልቀሱን ማንም አልጠየቀም።

ባለፈው ማክሰኞ እንግዲህ ያንኑ ማቀዝቀዣ ንቀልልኝ ሲለኝ፣ ለአዲሱ ሶኬት እንደማይገጥም አሳየሁት። በጣም አዘነ። "እንግዲያው አንተው ምረጥ" አለና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። አሁን ሳልጠይቅ አልሸጥም። ፕሮሰሰሩን አየሁ፤ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ሜትር ተዋስኩና የሳጥኑን ውስጥ ለካሁ፤ ከማዘርቦርዱ እስከ ክዳኑ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል። ሚሞሪዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ስለዚህ ሰፊው ባለ ሁለት ፎቅ ማቀዝቀዣ በላያቸው ይተኛባቸዋል። የዛሬ ጎረምሶች በውሃ የሚሠራውን፣ ቀይ ሰማያዊ መብራት ያለውን ይፈልጋሉ፤ ለማርቆስ ግን ፓምፑ የሠርግ ወቅት ላይ ቢቆም መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ አልኩት። መካከለኛውን አወጣሁለት፤ አንድ ፎቅ፣ አራት የመዳብ ቧንቧ፣ ቁመቱ አሥራ አምስት ተኩል፣ አንድ ትልቅ ፋን። ፋኑ ቢሞት እንደሱ ያለ በዚህ መንገድ ላይ አራት ሱቅ ውስጥ አለ፤ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ያጸዳዋል፤ ክዳኑም ይዘጋል። ማርቆስ ባለ ሁለት ፎቁን በአንድ እጁ፣ የእኔን ምርጫ በሌላው አንሥቶ ሚዛን ሠራ። "ያኛው ይከብዳል እኮ" አለ። ይሄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ የመረጥኩትን ገለበጥኩት። መዳቡ ያበራል፤ በላዩ ስስ ላስቲክ አለ። ከባንኮኒው ሥር ዝቅ ብዬ ልልጠው እችል ነበር፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ፣ በተለይ እሱ ሲኖር። ያን ቀን ግን አሮጌው ማቀዝቀዣ ከአጠገቤ ቆሞ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሆኖ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ማርቆስ ፊት ጫፉን በጥፍሬ ያዝኩና ላጥኩት። ድምጽ አለው፤ ትንሽ ጭርር የሚል። ማርቆስ ላስቲኩን ከእጄ ወሰደ፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣ አሮጌውንም አየ፣ እኔንም አየ።

"የእኛኛውስ?" አለ።

"የእኛኛውማ ነበረበት" አልኩት። "ሁለት ዓመት። ቦዲቲ ለቅሶ የሄድክ ጊዜ ነው ያነሣሁት። መብራቱ አልነበረም።"

ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ፣ አንዲት ሴትዮ ገብታ የስልክ ቻርጀር ጠይቃ ወጣች፤ እሱ ላስቲኩን በጣቱ መሐል እያሸ ቆሟል። "ጠይቄህ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ጣቴን እላዩ ላይ አድርጌ ጠይቄህ ነበር።" አዎ፣ ጠይቀኸኝ ነበር አልኩ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ላስቲኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ "ለእኔ ይሁን፣ ያለፈ ነው። ቁርጡንም እንደሆነ አልበላሁትም" አለ። ቀጥሎ፣ "ለአልማዝ ግን አንተው ትነግራታለህ። እሁድ ና።"

እሁድ ማቀዝቀዣውን ራሴ ይዤ ሄድኩ፣ ገጠምኩት፣ ክዳኑ ሳይነካው ተዘጋ። አልማዝ ለአዲሱ ማሽን ቀድማ ዳንቴል ሠርታለታለች፤ ግን በጎኑና በጀርባው ክብ ክብ ቀዳዳ ትታለታለች፣ እንዲተነፍስ። ከዚያ ግቢ ወጣን። እሷ ከሰል አያይዛ በቆሎ እሸት እየጠበሰች ነበር። አጠገቧ ቆሜ ነገርኳት፤ ላስቲኩን፣ መዳቡን ይጠብቅለታል ማለቴን፣ መብራት ኃይልን፣ ኪሴን። በቆሎውን እያገላበጠች ሰማችኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። "ያኔ ብትልጠው ኖሮ እኔ ማራገብ ነበረብኝ?"

"አልነበረብሽም።"

ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ትንሽ አሸት አደረገችው፤ ብርድ ሲሆን ዛሬም ይሰማታል ብሎኛል ማርቆስ። ከዚያ ተነሣች፣ ዱካዋን ወደ እኔ ገፋችው፣ ማራገቢያውን ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ። ማርቆስ አጥሩን ተደግፎ በሆዱ ይስቃል። አራገብኩ፤ ከሰሉ ቀላ፣ በቆሎው ተንጣጣ፣ ሌላ በቆሎ ተጨመረ፣ ደግሞ ሌላ፤ ሦስት ሰው የማይጨርሰው በቆሎ። ክንዴ ዝሎ በግራ እጄ ልቀይር ስል ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "በቀኝ" አለች።